«ዌልፌር» የተባለው ረድፍ፦ የብሪታንያ መንግሥት በ2014 ለግብር ከፋዮቹ ስለላከው የወጪ ክፍፍል የቀረበ የጉዳይ ጥናት

በኖቬምበር 2014 መጀመሪያ ላይ የብሪታንያ የገቢዎችና ጉምሩክ መሥሪያ ቤት ለ24 ሚሊዮን ግብር ከፋዮች ከዚያ በፊት ልኮት የማያውቀውን ሰነድ ማሠራጨት ጀመረ። ከእነዚህ ውስጥ 16 ሚሊዮኑ ግብራቸው ከደመወዛቸው ወይም ከጡረታቸው ላይ እየተቀነሰ የሚከፈል ስለነበር ሰነዱ በፖስታ ደረሳቸው፤ ገቢያቸውን ራሳቸው የሚያሳውቁት 8 ሚሊዮኖቹ ደግሞ በኢንተርኔት እንዲያገኙት ተደረገ። በለንደንና በሌሎች ከተሞች ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም ደብዳቤው ከደረሳቸው ሰዎች መካከል ነበሩ። ሰነዱ ሁለት ነገሮችን ይገልጽ ነበር፤ አንደኛው ግለሰቡ በ2013/14 የግብር ዓመት ምን ያህል የገቢ ግብርና የብሔራዊ መድን መዋጮ እንደከፈለ ሲሆን፣ ሁለተኛው ያ ገንዘብ በየትኛው የመንግሥት ወጪ ላይ ስንት ስንት ፓውንድ ሆኖ እንደተከፋፈለ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡን አስቀድመው ያነሡት የኢፕስዊች ከተማን ወክለው የፓርላማ አባል የነበሩት ቤን ገመር ሲሆኑ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦስቦርን ተቀብለውት በ2012 የበጀት ንግግራቸው ተግባራዊ እንደሚሆን አስታወቁ። ዓላማው በመርሕ ደረጃ የሚያስመሰግን ነው። በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር የመንግሥት ወጪ ለአንድ ደመወዝተኛ ስሜት የማይሰጥ ቁጥር ነው፤ ያው ወጪ በራሱ ኪስ መጠን ተመንዝሮ ሲቀርብለት ግን ሊያነበው፣ ሊመዝነውና ሊጠይቅበት ይችላል። ይህ ጥናት የሚመረምረው የሰነዱን አስፈላጊነት ሳይሆን አከፋፈሉን ነው፤ ምክንያቱም ሰነዱ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የተነሣው ብርቱ ክርክር የተቀሰቀሰው በአንድ ረድፍ ስያሜ ነው።

በዓመት 30,000 ፓውንድ የሚያገኝ ተቀጣሪን እንውሰድ። በዚያ የግብር ዓመት ይህ ሰው በገቢ ግብርና በብሔራዊ መድን መዋጮ በድምሩ 6,781 ፓውንድ ይከፍላል። ደብዳቤው ይህን ገንዘብ በ15 ረድፎች ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሮ ያሳየዋል። ከሁሉም በላይ 1,663 ፓውንድ፣ ማለትም 24.52 በመቶ፣ «ዌልፌር» በሚል ስም ተቀምጧል። ከዚያ በታች ጤና 1,280፣ ትምህርት 892፣ የመንግሥት የእርጅና ጡረታ 822፣ የብሔራዊ ዕዳ ወለድ 475፣ መከላከያ 360፣ የወንጀል ፍትሕ 298 እና ትራንስፖርት 200 ፓውንድ እያለ ይወርዳል። ቢዝነስና ኢንዱስትሪ፣ የመንግሥት አስተዳደር፣ ባህል፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ቤትና መሠረተ ልማት እያንዳንዳቸው ከ200 ፓውንድ በታች ሆነው ይከተላሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች ለውጭ አገር ዕርዳታ የዋለው 78 ፓውንድና ለአውሮፓ ኅብረት በጀት የዋለው 51 ፓውንድ ናቸው።

ይህን ዝርዝር ጋዜጦች በቀለም የተከፋፈለ ክብ ሥዕል፣ ብዙዎች ፓይ ቻርት የሚሉትን፣ አድርገው አወጡት። በሥዕሉም ላይ ከሁሉ በፊት ዓይን የሚስበው ከክቡ ሩብ የሚሆነውን ቦታ የያዘው «ዌልፌር» ነው። ደብዳቤውን የተቀበለው ሠራተኛ ከመድኃኒትም፣ ከመምህርም፣ ከወታደርም ይልቅ ከእሱ ግብር ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስደው ይህ ነው የሚል ግንዛቤ ይዞ ወረቀቱን ያጥፋል። ጥያቄው እንግዲህ በዚያ ቁራሽ ውስጥ ምን ነበረ የሚለው ነው።

«ዌልፌር» የሚለውን ቃል ሳልተረጉም የተውኩት አውቄ ነው። በብሪታንያ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ በዕለት ንግግሩ «ቤኔፊት» የሚለውን፣ ማለትም ሥራ ያጣ፣ የታመመ ወይም ደመወዙ የማያኖረው ሰው ከመንግሥት የሚያገኘውን አበል ያህል አድርጎ ይረዳዋል፤ የአገሩ ተወላጅም በአብዛኛው የሚረዳው እንደዚሁ ነው። ከዚህም የከፋ አመለካከት ነበረ። የብሪታንያ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ ዩጎቭ በተባለው የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት አስጠንቶ በጃንዋሪ 2013 ይፋ ባደረገው መጠይቅ፣ ሰዎች ከጠቅላላው የዌልፌር በጀት በአማካይ 41 በመቶው ለሥራ አጦች የሚሰጥ ይመስላቸው ነበር፤ እውነተኛው ድርሻ ግን 3 በመቶ ነበር። በማጭበርበር የሚወሰደውንም በአማካይ 27 በመቶ አድርገው ሲገምቱ፣ የመንግሥት የራሱ ግምት 0.7 በመቶ ነበር። ደብዳቤው የተላከው እንግዲህ ስለዚህ ቃል እጅግ የተዛባ ግምት ለነበረው ሕዝብ ነው፤ የላከውም አካል ይህን የማያውቅበት ምክንያት አልነበረም።

ደብዳቤዎቹ መድረስ እንደጀመሩ፣ በፖል ጆንሰን ይመራ የነበረውና በብሪታንያ የበጀት ጉዳዮች ላይ ከፍተኛ ተሰሚነት ያለው የፊስካል ጥናቶች ተቋም ረድፉን ከፍቶ አሳየ። በዚያ ስም የተጠቃለለው ወጪ 168 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ 28 ቢሊዮን ያህሉ ለግለሰቦች በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ አበል አልነበረም፤ የአካባቢ ምክር ቤቶች አረጋውያንን ለመጦር፣ አካል ጉዳተኞችን ለመርዳት፣ ወላጅ ያጡ ወይም ከወላጆቻቸው የተለዩ ሕጻናትን ለማሳደግ የሚያወጡት የማኅበራዊ እንክብካቤ ወጪ ነበር። ሌላው 20 ቢሊዮን ያህል ደግሞ ለጡረተኛ ነርሶች፣ መምህራን፣ ወታደሮችና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች የሚከፈል ጡረታ ነበር። በቀሪው ውስጥ የአካል ጉዳት አበል፣ የቤት ኪራይ ድጎማ፣ ልጅ ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች የሚሰጥ አበል፣ ደመወዛቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሠራተኞች የሚከፈል የታክስ ክሬዲት፣ ከመደበኛው ጡረታ በተጨማሪ ለአረጋውያን የሚሰጡ ልዩ ልዩ ድጋፎች ይገኙበታል። ብዙው አንባቢ ቃሉን ሲሰማ በመጀመሪያ የሚያስበው የሥራ ፈላጊዎች አበል 5 ቢሊዮን ፓውንድ እንኳ አይሞላም ነበር።

ወጪውን በረድፎች በከፋፈለው በግምጃ ቤቱ፣ ማለትም ኦስቦርን ይመሩት በነበረው የገንዘብ ሚኒስቴር፣ በኩል የቀረበውን ምክንያት በሚገባው ክብደት ማየት ተገቢ ነው። የመንግሥት ወጪን በተግባሩ ዓይነት የሚከፋፍል ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሚጠቀምበት ይህ ምደባ ወጪን በ10 ዘርፎች ይከፍላል፤ ከእነዚህም አንዱ «ማኅበራዊ ጥበቃ» ይባላል። በዚህ ምደባ መሠረት የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታም ሆነ የአረጋውያን እንክብካቤ በማኅበራዊ ጥበቃ ሥር መመዝገቡ ስሕተት የለበትም፤ አገሮችን እርስ በርስ ለማነጻጸርም ይጠቅማል። ስለዚህ ቁጥሮቹ ሐሰተኛ ነበሩ ማለት አይቻልም፤ ይህን ያለ ቁም ነገረኛ ተቺም አልነበረም።

ይሁን እንጂ ይህ መከራከሪያ የሚፈርሰው በራሱ መሠረት ላይ ነው። ዓለም አቀፉ ምደባ እንዳለ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ የመንግሥት የእርጅና ጡረታም በዚያው ዘርፍ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ረድፉም «ማኅበራዊ ጥበቃ» ተብሎ 36.64 በመቶ፣ ለምሳሌያችን ሠራተኛ 2,485 ፓውንድ፣ ይሆን ነበር። ግምጃ ቤቱ ግን የእርጅና ጡረታን ከዘርፉ አውጥቶ ለብቻው ረድፍ ሰጠው፤ የቀረውን በሙሉ በአንድ ላይ ተወና የዘርፉን የቴክኒክ ስም በፖለቲካ ንግግር ውስጥ ክፉኛ በተጫነ ቃል ለወጠው። ከምደባው አንድ ጊዜ ለጡረታ ሲባል መውጣት ከተቻለ፣ ለነርሷ ጡረታና ለአረጋውያን መጦሪያም መውጣት ይቻል ነበር። የእርጅና ጡረታ ለብቻው ይታይ፣ የመምህሩ ጡረታ ግን ከሥራ አጡ አበል ጋር ይደመር የሚለው ውሳኔ ከዓለም አቀፉ ምደባ የመጣ ሳይሆን በለንደን የተወሰነ ነው።

የሚገርመው በዚያው ዓመት፣ በማርች 2014፣ ያው መንግሥት «ዌልፌር» የሚለውን ቃል በሌላ ትርጉም ተጠቅሞበት ነበር። ምክር ቤቱ ያጸደቀው የዌልፌር ወጪ ጣሪያ ለ2015/16 የበጀት ዓመት 119.5 ቢሊዮን ፓውንድ ሆኖ ተወስኗል። በዚህ ጣሪያ ውስጥ የመንግሥት የእርጅና ጡረታና የሥራ ፈላጊዎች አበል አይገቡም፤ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታም ሆነ የአካባቢ ምክር ቤቶች የእንክብካቤ ወጪም አይገቡም። በማርች ወጪውን ለመገደብ በጸደቀው ሰነድ ላይ ቃሉ ጠባብ ነበር፤ በኖቬምበር ለግብር ከፋዩ በተላከው ወረቀት ላይ ሰፊ ሆነ። ሁለቱንም ሰነዶች ያዘጋጀው አንድ መሥሪያ ቤት መሆኑን ሳስብ፣ ጉዳዩን በቸልተኝነት የተፈጠረ አድርጎ መቀበል ይከብደኛል።

ወቅቱም የራሱን ይናገራል። ጠቅላላ ምርጫው በሜይ 2015 ይካሄድ ነበር። ኦስቦርን በ2014 መጀመሪያ ላይ ከዌልፌር 12 ቢሊዮን ፓውንድ መቀነስ እንደሚያስፈልግ ተናግረዋል፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር መጨረሻ በፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ ደግሞ በሥራ ዕድሜ ላይ ላሉ ሰዎች የሚሰጡ አበሎች ለሁለት ዓመት ሳይጨምሩ እንዲቆዩ ሐሳብ አቅርበዋል። በአንጻሩ የእርጅና ጡረታ በየዓመቱ በዋጋ ግሽበት፣ በደመወዝ ዕድገት ወይም በ2.5 በመቶ፣ ከሦስቱ በከፍተኛው መጠን እንዲጨምር ዋስትና ተሰጥቶት ነበር። ደብዳቤው የደረሰው ከጉባኤው አንድ ወር ያህል ቆይቶ ነው። መንግሥት ሊጠብቀው ቃል የገባለት ወጪ ለብቻው በመጠነኛ ረድፍ፣ ሊቀንሰው ያሰበው ወጪ ደግሞ በትልቁ ረድፍ ተቀመጠ፤ በትልቁ ረድፍ ውስጥ ካለው ገንዘብ ብዙው ግን የሚቀነሰው አልነበረም።

አከፋፈሉ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ያንኑ 6,781 ፓውንድ ከላይ በተጠቀሱት ቁጥሮች እንደገና ከፋፍዬ ነበር። በሰነዱ የተከፋፈለው ጠቅላላ ወጪ ወደ 685 ቢሊዮን ፓውንድ ይጠጋል። የአረጋውያን፣ የአካል ጉዳተኞችና የሕጻናት እንክብካቤ ለብቻው ቢወጣ በግምት 277 ፓውንድ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ 198 ፓውንድ ይሆናል። «ዌልፌር» ላይ የሚቀረው 1,188 ፓውንድ ወይም 17.5 በመቶ ነው። ያን ጊዜ በዝርዝሩ አናት ላይ የሚቀመጠው ጤና ይሆናል፤ ዌልፌር ወደ ሁለተኛ ረድፍ ይወርዳል። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ከእርጅና ጡረታ ጋር ቢደመር ደግሞ «ጡረታ» የሚለው ረድፍ 1,020 ፓውንድ ደርሶ ትምህርትን ይቀድማል። የሥራ ፈላጊዎች አበል ለብቻው ረድፍ ቢሰጠው 50 ፓውንድ ስለማይሞላ ከአውሮፓ ኅብረት ረድፍም በታች፣ በዝርዝሩ ግርጌ ላይ ይገኛል። አንድም ፓውንድ ከቦታው አልተነካም፤ የተለወጠው የረድፎቹ ድንበር ብቻ ነው።

ስለ ሥዕሉ ራሱ አንድ ነገር ልጨምር። ክቡን ሥዕል በ1801 ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር ነው፤ ከዚያ ወዲህ የአንድን ሙሉ ነገር ክፍፍል ለማሳየት እንደ እሱ የተለመደ መንገድ የለም። የሰው ዓይን ግን ማዕዘንን ከማነጻጸር ይልቅ ርዝመትን በማነጻጸር የበለጠ ትክክል መሆኑ በ1980ዎቹ በተደረጉ ሙከራዎች ታይቷል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ባለሙያዎች እኩል መነሻ ያላቸውን ዘንጎች ይመርጣሉ። ምርጫው ትክክል ነው፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ዘንግም ቢሆን አያድንም ነበር። ረድፉ አስቀድሞ በስሙ ከሰፋ ረጅም ዘንግ ይሆናል፤ አንባቢውም ርዝመቱን በትክክል አንብቦ ያንኑ የተሳሳተ መደምደሚያ ይይዛል። የሥዕሉ ባለሙያ ስለ ቀለምና ስለ ቅርጽ ከመጨነቁ በፊት ሰንጠረዡን ያዘጋጀውን ሰው ይህ ረድፍ ለምን አንድ ሆነ ብሎ መጠየቅ የነበረበት ለዚህ ነው።

ከዌልፌር ረድፍ ውጭ ያሉት ጉድለቶች በክርክሩ ውስጥ ያን ያህል ትኩረት አላገኙም፤ ቢሆንም መጠቀስ አለባቸው። ሰነዱ የቆጠረው የገቢ ግብርንና የብሔራዊ መድን መዋጮን ብቻ ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በነዳጅ፣ በመጠጥና በትምባሆ ላይ የሚጣለው ታክስ፣ ለአካባቢ ምክር ቤት የሚከፈለው ግብርም የሉበትም። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ለመንግሥት ከሚከፍለው ውስጥ ብዙው በእነዚህ በኩል የሚሄድ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ድሃው እጅግ ጥቂት የሚያዋጣ እንዲመስል ያደርገዋል። መንግሥት በዚያ ዓመት ወደ 100 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ተበድሮ ወጪውን የሸፈነ ቢሆንም ብድሩ በክፍፍሉ ውስጥ አይታይም። እንዲሁም መንግሥት ለግል የጡረታ ቁጠባ በሚሰጠው የግብር እፎይታ በየዓመቱ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ሳይሰበስብ ይቀራል፤ ከዚህም የበለጠ የሚጠቀሙት ከፍተኛ ደመወዝ ያላቸው ናቸው። ይህ ገንዘብ በየትኛውም ረድፍ የለም፤ በአበል መልክ የሚሰጥ ወጪ ይመዘገባል፣ ሳይሰበሰብ የሚተው ግብር ግን ወጪ ተብሎ አይጻፍም።

በዝርዝሩ ግርጌ ያለው «የውጭ አገር ዕርዳታ» የሚለው ረድፍ ለእኛ የተለየ ትርጉም አለው። ብሪታንያ በ2013 ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 በመቶ የሚሆነውን ለዕርዳታ የመስጠት ግቧ ላይ ደርሳ ነበር፤ በ2013ም ሆነ በ2014 ኢትዮጵያ ከለንደን በቀጥታ ብዙ ዕርዳታ ከሚያገኙ ግንባር ቀደም አገሮች አንዷ ስትሆን፣ መጠኑም በእያንዳንዱ ዓመት ከ300 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። በምሳሌያችን ሠራተኛ ግብር ቢመነዘር ይህ 3 ፓውንድ ገደማ ነው። ያው ገንዘብ በለንደኑ ወረቀት ላይ «ዕርዳታ» ይባል እንጂ፣ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም በኩል ወረዳ ሲደርስ የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ይሆን ነበር፤ በሴፍቲኔት በኩል ሲመጣ ደግሞ የምግብ ዋስትና ነው። የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም የወረዳ በጀትና ወጪ በቀላል ሰንጠረዥ ተዘጋጅቶ ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍም ይደግፍ ነበር። በዚያ የወረዳ ሰሌዳ ላይ «ትምህርት» ተብሎ የተነበበው ብር በብሪታንያዊው ግብር ከፋይ ወረቀት ላይ በትምህርት ረድፍ ውስጥ አልነበረም። ሁለቱም ስሞች ትክክል ናቸው፤ አንዱ ገንዘቡ የወጣበትን በር፣ ሌላው የገባበትን ቤት ይገልጻል። የወጪ ሥዕል የሚያዘጋጅ ሰው ከሁለቱ የትኛውን እንደመረጠ በግልጽ መጻፍ አለበት ብዬ የማምነው ከዚህ የተነሣ ነው።

የግብር ማጠቃለያው በትችቱ አልቆመም፤ በተከታዮቹ ዓመታትም መሰጠቱን ቀጠለ። በእኔ ግምት መቀጠሉ መልካም ነው፤ ስሕተት ያለበት ግልጽነት ሊታረም ይችላል፤ የተደበቀ ሒሳብ ግን ተቺም አያገኝም። በ2014ቱ ወረቀት ላይ ለእርማት የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ገጽ እንኳ አልነበረም። 15 የነበሩት ረድፎች 17 ቢሆኑ፣ እንክብካቤውና የሠራተኞቹ ጡረታ ለየብቻ ቢጻፉ፣ የቀረውም ለቤተሰቦች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለሥራ ፈላጊዎች የሚሰጥ አበል ተብሎ በሙሉ ስሙ ቢጠራ ይበቃ ነበር።

በብሪታንያ የጡረታ ገቢም ግብር ስለሚከፈልበት፣ በፖስታ ከደረሳቸው 16 ሚሊዮን ሰዎች መካከል በሆስፒታል ሲያገለግሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ነርሶች ነበሩ። እነዚህ ሴቶችና ወንዶች በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ከደመወዛቸው ለጡረታ ሲያዋጡ ቆይተዋል፤ አሁንም ከዚያው ጡረታ ላይ ግብር ይከፍላሉ። ከመንግሥት በስማቸው ተጽፎ የመጣላቸውን ደብዳቤ ከፍተው «ጤና» የሚለውን ረድፍ ቢመለከቱ የእነሱ ጡረታ እዚያ የለም፤ «ጡረታ» የሚለውን ቢመለከቱም የለም። ያለው ከሁሉም በላይ በተጻፈው፣ «ዌልፌር» በተባለው ረድፍ ውስጥ ነበር፤ ይህንንም ወረቀቱ አይነግራቸውም።